ሰው ሳይሞት መራመድ

ቢቸና ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በጠዋት ፈጠን ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ገበያ የሚወጣ ሽማግሌ እያዘገመ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ከዚያም የባሰ ያዘግማል፤ ፍርድ ቤት የሚሄደውማ እግሩን እየጎተተ ነው። እኔ ሰጠኝ፣ በዚህች ከተማ ተወልጄ በዚህችው ያረጀሁ ልብስ ሰፊ፣ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን በሙሉ ተቀምጬ ስለኖርኩ ስለ መራመድ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሥራዬ መቀመጥ ነው። በስፌት ከእኔ የሚበልጥ ይኖራል፤ በመቀመጥ ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከዋናው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ እቀመጣለሁ፤ ሲመሽ መኪናዬን ከድኜ ቤቴ እገባና እቀመጣለሁ። ቤቴ ከበረንዳው ጀርባ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ጉዞ ይህን ያህል የሚያደክም አይደለም። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ታጋዮቹ ከተማችንን ይዘው ሲያልፉ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያይ እኔ የሱሪ እግር እያጠፍኩ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው ለጤናው ብሎ ይነሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ከዚያ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቃተኝና ባለቤቴ ወይንእሸት ታስገባልኝ ጀመር። ቀጥሎ አንድ መምህር ያሰፉት ኮት ሁለቱም እጅጌው የግራ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የከፋው የአንድ ቄስ ካፖርት ነው፤ ኪሱን አፉ ላይ ገጥሜ ሰፍቼው ኖሮ ቄሱ እጃቸውን ሊከቱ ቢሉ መግቢያ አጡ። ደንበኛው አንድ በአንድ ራቀኝ። እኔም ሰውን በድምፁ እየለየሁ፣ ከፊቴ የሚያልፈው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንደሚሄድ ጥላ እየሆነብኝ፣ ባዶ መኪና ስረግጥ መዋል ያዝኩ። ፈራሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ልብስ ሰፊ ሆኜ ኖሬ በሰው እጅ እየተመራሁ መሞትን ፈራሁ።

የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሞጣ ገብተዋል፣ ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ወይንእሸት እጄን ይዛ በአውቶቡስ አሳፈረችኝና በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ገባን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ተቀምጦ የሚጠበቅ ወረፋ ግን እኔን አይከብደኝም። ተራዬ ሲደርስ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልለው ነፉት። የጨርቁን ስፌት ዳበስኩት፤ ጥሩ እጅ የሰፋው ነበር። የለካኝ ሰው ደግሞ ነፋው፤ ሌላ ሰው ጠርቶ እሱም ነፋው።

"ደም ብዛት አለብዎት አባቴ፤ የላይኛው ሁለት መቶ ገብቷል" አለኝ።

በሕይወቴ በብዛት ያገኘሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ሐኪሙ መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለና፣ "እንዲህ ሆኖ ዓይንዎን ብነካው ሊደማብኝ ይችላል፤ ያለችዎትንም ብርሃን እናጣታለን። በሚመጣው ዓመት ተመልሰን እንመጣለን። ግፊቱን አውርደው ይጠብቁን፤ ካልወረደ ግን አልነካዎትም" አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ሐኪሙን ሳማ ቢቸና ደረስን። ወይንእሸት ሁሉንም ሰማችኝና ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ "ሐኪሙን ተወውና ደምህን አውርድ" አለችኝ።

በከተማችን ጤና ጣቢያ ደም ግፊት የምትከታተለው ሲስተር ሳባ ነበረች። ክኒን ሰጠችኝ፣ ጨው አስቀነሰችኝ፣ ጾም ነው ብዬ ክኒኑን እንዳልዘል አስማለችኝ። ይህን ሁሉ እሺ አልኩ። በመጨረሻ ግን፣ "ክኒኑ ብቻውን አይበቃዎትም አባባ። በየቀኑ ፈጠን ብለው መራመድ አለብዎት" አለች።

"እኔ እኮ እግሬ ቦዝኖ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ የስፌት መኪና ስረግጥ ነው የኖርኩት። የረገጥኩት ቢቀጠል አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይሆናል" አልኳት።

"እስካሁን የት አደረሰዎት ታዲያ?"

"በረንዳው ላይ።"

ሳቀችብኝና ነገሩን አስረዳችኝ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ልቡ ይበረታል፤ የደም ሥሩ ይላላል፤ ልቡም ሳይጨነቅ ደሙን ይገፋል። በሳምንታት ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ሲራመዱ ማውራት መቻል አለብዎት፣ መዝፈን ግን እንዳይችሉ፤ ልኩ እሱ ነው አለችኝ። እኔ ተቀምጬም መዝፈን አልችልም ብላት፣ "በጉልበት ማነስ ነው የምልዎት እንጂ በድምፅዎ አይደለም" አለች። ከሁሉ በላይ አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ የመራመድ ጥቅሙ የሚቆየው እስከተራመዱ ድረስ ብቻ ነው፤ የተውት ለት ግፊቱ ተመልሶ ይመጣል።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሳላይም አውቀዋለሁ። ልክ እንደታዘዝኩት ፈጠን ፈጠን አልኩ። ጎረቤታችን ፈንታነሽ ደጇን እየጠረገች ኖሮ የመጥረጊያዋ ድምፅ ቆመ።

"አያ ሰጠኝ! ምነው በደህና? ማን ሞተ?"

ልመልስላት አፌን ብከፍት ትንፋሽ የለም። የሲስተር ሳባን ልክ ገና ከደጄ ሳልርቅ አልፌው ነበር። ስለዚህ ተይው ለማለት ያህል እጄን አወናጨፍኩና ጉዞዬን ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ "ወየው!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ምስኪን፣ ፈንታነሽ ዘመድ ሞቶባት መሆን አለበት ብዬ አዘንኩላት። ዙሬን ጨርሼ ስመለስ እደርሳታለሁ አልኩና ገሰገስኩ። ልቅሶው ግን አልራቀኝም። እኔ ስታጠፍ ይታጠፋል፣ እኔ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ደግሞም እየበረከተ ይሄዳል። የዛሬው ሬሳ ከባድ ሰው ነው፣ አገር ምድሩ ወጥቶለታል አልኩ በልቤ።

ከተማው ጫፍ ባሕር ዛፉ ጋ ደርሼ ለመመለስ ዞር ስል ልቅሶው ፊት ለፊቴ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘዋል፤ ሁለት ጎረምሶች የዕድሩን የድንኳን ብረት ተሸክመው ያለከልካሉ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነግረውኝ ነው፤ በጊዜው ያየሁት አንድ ትልቅ የሚተነፍስ ጥላ ብቻ ነበር።

"የማን ቤት ነው?" አለች ፈንታነሽ።

"ምኑ?"

"ለቅሶው ነዋ! ማን ቤት ነው የምትወስደን?"

"እኔ... የወጣሁት ለደም ግፊቴ ነው" አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ ለታመመ አጎቷ መስሏት መንገዱን ሙሉ ፊቷን ነጭታ ነው የመጣችው። "ለሰጠኝ ደም ግፊት ነው እንዲህ የሆንኩት?" አለችና ልቅሶዋ እንደገና መጣባት። ጎረምሶቹ ብረቱን መሬት ላይ ጣሉት።

እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ ከሰሰኝ። የዕድራችን ዳኛ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ በአጥቢያ ዳኝነት ያረጁ፣ ድምፃቸው ደረቅ፣ ቀልዳቸው ከድምፃቸው የደረቀ ሰው ናቸው። ሲፈርዱ እየሳቁብህ ይሁን እየተቆጡህ አይለይም።

"ሬሳ ሳይኖር ለቀስተኛ ሰብስበሃል" አሉኝ። "ምን መልስ አለህ?"

ሞጣን፣ ሐኪሙን፣ ዓይኔን፣ ሲስተር ሳባን ሁሉ ተናገርኩ። በሚመጣው ዓመት ደሜ ካልወረደ ጨለማ ውስጥ እንደምቀር ስናገር የሚስቅ አልነበረም። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ባንተአምላክ ከጥግ ሆኖ፣ "እኔንም ጉልበቴ አልሄድ ብሎኛል፤ ማሰናበቻ ከጠየቅሁ ሰንብቻለሁ" አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ እሱ ዞሩ፣ ወደ እኔም ዞሩ።

"ሰጠኝ መራመድ አምሮታል፤ ባንተአምላክ መቀመጥ አምሮታል። ተለዋወጡ" ብለው ፈረዱ።

እንዲህ ሆኜ ዓይኑ የማያይ፣ ትንፋሹ የማይበቃ፣ መንፋት የማይችል ጥሩምባ ነፊ ወጣኝ። መጀመሪያ ስነፋ የወጣው ድምፅ የታመመች ፍየል ድምፅ ነበር፤ ሰዉ ለቀብር ከመውጣቱ በፊት መንገድ ላይ ቆሞ እየሳቀ አስቸገረ። ውሎ አድሮ ግን ለመድኩት። ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞርኩ አስነግራለሁ፤ ፈጠን ብል የሚደነግጥ የለም፣ እንዲያውም ባልፈጥን ነው የሚወቅሱኝ። ያን ክረምት ብዙ ሰው ሞተብን። ሲስተር ሳባ ክንዴን ነፍታ፣ "ጎበዝ! እየወረደ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ" ስትለኝ እንዴት እንደምቀጥል ሳላስብ አመሰገንኳት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሞት ቆመ። እህሉ ደርሷል፣ አየሩ ተስማምቷል፣ አሮጌውም ሕፃኑም ደህና ነው። አገር እግዚአብሔርን ሲያመሰግን እኔ በረንዳዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲስተር ሳባ ስትለካኝ ፊቷን አጨማደደች፤ ፊቷን ባላይም ከንፈር መምጠጧ አስታወቀኝ።

"ተመልሶ ወጥቷል አባባ። ምን ሆነው ነው?"

"ሰው አልሞተልኝም" አልኳት።

"ሰው ባይሞትም ይራመዱ!" ብላ ተቆጣችኝ። ሞከርኩ። ሰው ከማያየኝ ከከተማው ውጭ ልራመድ ብዬ ቦይ ውስጥ ገብቼ ሱሪዬ ተቀደደ፤ ራሴ ጠቅሜው ሌላኛው እግር ላይ ገጥሜ ሰፋሁት። ከወይንእሸት ጋር ጎን ለጎን ብንራመድስ ብለን ብንወጣ ባልና ሚስት በጠዋት እየፈጠኑ ሲሄዱ ያየ ሁሉ ሊፋቱ ነው ብሎ ማታውኑ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ፤ የመጡበትን ሳያጡ ይሂዱ ብለን ታረቅን። ግቢዬ ውስጥ ልዙር ብል ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ። የሐኪሞቹ መምጫ ከጥምቀት በኋላ ነው ተብሏል፤ ደሜ ግን ወደ ላይ ነው።

ኃይለ ጊዮርጊስ የታመሙት በዚሁ ሰሞን ነው። ደረታቸው ይታፈናል፣ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ወይንእሸት በር ላይ ያዘችኝና፣ "ሰጠኝ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰው እስኪሞት እየጠበቅህ ነው?" አለችኝ።

"እኔ? በስመ አብ! ምን ነክቶሽ ነው?" ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ግን አላማረኝም። በዚያው ሳምንት የታመመ ሰው ስም በሰማሁ ቁጥር የት ሰፈር እንደሆነ፣ ዙሩ ረጅም ይሁን አጭር በልቤ ሳሰላ ነበር። አፈርኩ፤ እያፈርኩም ሄድኩ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ገና ከበር ስገባ፣ "ሰጠኝ፣ ጥሩምባህን ይዘህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"ኧረ ምን በወጣዎት..." ብዬ ጀመርኩና ብብቴን ዳበስኩ። ጋቢዬ ሥር ነበረች። እግዜር ያውቃል፣ ሳላስበው በልማድ ነው ብብቴ ውስጥ የከተትኳት። ስቀመጥ ከወንበሩ ጋር ተጋጭታ ጮኸች።

ኃይለ ጊዮርጊስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ "ለደም ግፊትህ ብዬ ልሙትልህ ወይ?" አሉ።

"አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከዚህ ወዲያ አልነፋም። ዓይኔም ይቅርብኝ" አልኳቸው። አልቅሼ ነው ያልኳቸው።

"ዓይንህማ አይቀርብህም። ስማኝ። ሰው ሲሞት የሚያስነግር አለን፤ ሰው ሳይሞት ሲያድር ግን ነገሬ የሚለው የለም። እኔ እዚህ ተኝቼ በጠዋት የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ማን ሞተ እያልኩ ነው የምነቃው። ከነገ ጀምረህ ጥሩምባዋን ግድግዳ ላይ ስቀልና እንደ ልማድህ ዙር። እየዞርክም ዛሬ ማንም አልሞተም በል። ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም።"

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ባዶ እጄን ወጣሁ። ፈንታነሽ ደጅ ስደርስ መጥረጊያዋ ገና ሳይቆም፣ "ዛሬ ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ።

"አበድክ አያ ሰጠኝ? እና ምን ሁኑ ነው የምትለን?"

"ምንም! ማንም አልሞተም ነው የምላችሁ!"

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጸበል ይወሰድ የሚሉኝ ነበሩ። ወይንእሸት ራሷ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። በኋላ ግን ሰዉ ለመደኝ፤ ከመልመድም አልፎ ይጠብቀኝ ጀመር። "ዛሬ ማንም አልሞተም!" ስል ከየአጥሩ ውስጥ "እግዚአብሔር ይመስገን!" የሚል ይመልስልኛል። ፈንታነሽ እንኳ አንድ ቀን ጥቂት ብዘገይ፣ "ዛሬስ ምነው ዝም አልክ? ልባችንን ሰቀልከው እኮ" ብላ ተቆጣችኝ። ትንፋሼ ደግሞ ልክ ሲስተር ሳባ እንዳለችው ሆነ፤ ያቺን አንዲት ቃል ለመናገር ይበቃል፣ ለዘፈን አይተርፍም።

የኃይለ ጊዮርጊስ ቤት የዙሬ መጨረሻ ነው። አጥራቸው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

"ዛሬ ማንም አልሞተም!"

ከውስጥ ያ ደረቅ ድምፅ ይመጣል። "እኔም ጭምር?"

"እርስዎም ጭምር!"

"አይ፣ እንዲያ ከሆነስ ቁርሴን ልብላ" ይላሉ። አንዳንድ ቀን ሳሉ ይይዛቸውና መልሱ ይዘገያል። ያን ጊዜ አጥሩን ይዤ እቆማለሁ፤ ድምፃቸውን ሳልሰማ ሄጄ አላውቅም። የሰው ሞት ስጠብቅ የከረምኩ ሰውዬ የአንድ ሽማግሌ ሳል እስኪያልፍ ልቤ ስትመታ ስሰማ ራሴን አላውቀው አልኩ።

ጥምቀት እስኪደርስ በሞት ያጣነው ጥቂት ሰው ነው፤ ለእነሱም ጥሩምባዋን አውርጄ በወጉ ነፋሁላቸው። ከዚያ ውጭ ባለው ጠዋት ሁሉ የዞርኩት ለሕያዋን ነው። ሲስተር ሳባ ለካችኝ፤ ደግማ ለካችኝና፣ "አባባ፣ የላይኛው መቶ አርባም አልሞላም። ክኒኑን እንዳያቆሙ፣ ዙሩንም እንዳያቆሙ። ሞጣ ይሂዱ" አለችኝ። ወደ ሞጣ የምንሄድ ዕለት ዋዜማ አጥሩ ሥር ቆሜ ለኃይለ ጊዮርጊስ ነገርኳቸው።

"ሂድ፣ ዓይንህን አብራና ና። እኔ መቼም አሁንም አልጋዬ ላይ ነኝ" አሉ። "ስትመለስ ግን ቀድሞ የምታየው እኔን እንዳይሆን፤ ትደነግጣለህ።"

ሞጣ ላይ ክንዴን ሲነፉት እግሬ ሳላዘው ባዶ ወለል ላይ የስፌት መኪና ይረግጥ ነበር። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ባለፈው ዓመት የመለሰው ሰው መሆኔን አላመነም። ቀኝ ዓይኔን ገፈፈልኝ፤ ግራውን ለሌላ ጊዜ አቆየው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ወይንእሸትን ነው። አርጅታለች። እኔ ሳላያት ነው ያረጀችው። ቀጥሎ ያየሁት የለበሰችውን ቀሚስ ነው፤ ዓይኔ ከደከመ በኋላ ሰፍቼ የሰጠኋት ነው። አንዱ ጎን ካንዱ ጎን በስንዝር ይረዝማል፣ አንገቱ ወደ ትከሻዋ ዞሯል።

"ይህን ለብሰሽ ነው ዓመቱን ሙሉ ሰው መካከል የዞርሽው?"

"አንተ የሰፋኸውን ምን ላድርገው?" አለችኝ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ጠበቅ አድርጎ አዘዘኝ። አለማጎንበስ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ዓይንን አለማሸት፣ እስኪጠግግ ድረስ አለማልቀስ። ለጊዜው ዙሩም ይቅር፣ ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይበቃል አለ። ቢቸና ስንገባ ዓይኔ ተሸፍኖ ነበር። አውቶቡስ መውረጃው ላይ ፈንታነሽ ወይንእሸትን ወደ ጎን ወስዳ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ሴቶች ናቸው፣ ያንሾካሹካሉ ብዬ ተውኩት።

ቤት ውስጥ ባሳለፍኩት ጊዜ ጠያቂ አልተቋረጠብኝም፤ ሁሉም ግን ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ግድግዳውን ስዳብስ ጥሩምባዋ ከተሰቀለችበት የለችም። "ባንተአምላክ ሊወለውላት ወስዷት ነው" አለች ወይንእሸት። "ኃይለ ጊዮርጊስስ?" ብላት፣ "አልተነሱም" አለች። ዕድሩ ሰው ሞቶበት እንደሆነ ስጠይቃት የራሴን ቃል መለሰችልኝ፤ "ማንም አልሞተም።"

ሲስተር ሳባ መራመድ ይችላሉ ባለችኝ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ወይንእሸት ዛሬ ይቅርብህ ብላ ለመነችኝ፤ አልሰማኋትም። ያን ሁሉ ጊዜ በድምፅ የማውቃቸውን ሰዎች በዓይኔ ልይ ብዬ ቸኮልኩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። መንገዱ፣ አጥሩ፣ የቆርቆሮው ዝገት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ፈንታነሽ ደጇ ላይ ቆማለች።

"ዛሬ ማንም አልሞተም!"

"እግዚአብሔር... ይመስገን" አለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል።

ምስኪን፣ ዘመድ ሞቶባት ነው አልኩና አለፍኩ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጎረቤቴ ራሱን ተላጭቷል፤ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት ጥቁር ለብሰዋል። ባንተአምላክ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል፤ ጥሩምባዋ አጠገቡ ናት፣ አልተወለወለችም። ሲያየኝ ጋቢውን ጣል አደረገባት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው የለበሰውን ሳየው ይገባኛል። ጥሩምባ ነፊም ነኝ፤ ሰፈር በሙሉ የሚያዝነው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። መጮኼን ሳላቆም እግሬ ፈጠነ።

የኃይለ ጊዮርጊስ ደጅ ሣሩ በሰው እግር ተረግጦ ተኝቷል። የድንኳን ካስማ የተተከለባቸው ጉድጓዶች አልተደፈኑም። አጥሩ ጋ እንደ ልማዴ ቆምኩ፤ ሌላ የምቆምበት ቦታ አላውቅም።

"ዛሬ ማንም አልሞተም" አልኩ።

ሳላቸው እስኪያልፍ እንደምጠብቀው ጠበቅሁ። ከውስጥ የሚጠይቀኝ የለም።

ወይንእሸት ከኋላዬ እየሮጠች መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። ያ ጠማማ ቀሚስ አሁንም ላይዋ ላይ ነው። "ሞጣ እያለን ነው" አለችኝ። "እንዳታለቅስ ብለው ነው፣ ሁሉም ለዓይንህ ብለው ነው የደበቁህ። ሰጠኝ፣ ዓይንህን! ሐኪሙ ያለህን አትርሳ!"

የከተማውን መርዶ ሁሉ የማደርሰው እኔ የራሴን መርዶ ከሰው ሁሉ ኋላ ሰማሁ። ወደ አጥሩ ዞርኩ።

"ከእርስዎ በቀር" አልኩ።

ሐኪሙ የከለከለኝ የቀኙን ነው። በግራው አለቀስኩ።